«ልብዎ ደህና ነው» ከተባለ በኋላ፦ ኪሞ የሚወስድ ሰው ስለ ልብ አልትራሳውንድ ማወቅ ያለበት



የዛሬው ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። ቤታችሁ ውስጥ ኪሞ የሚወስድ ሰው ካለ ደግሞ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት። መጨረስ ካልቻላችሁ ይህችን ብቻ ይዛችሁ ሂዱ፦ የልብ አልትራሳውንድ፣ ማለትም የኢኮ ውጤት ወረቀታችሁን በፍጹም አትጣሉ። ለምን እንደሆነ በአንድ ታሪክ ልጀምር። ታሪኩን የማወራችሁ በታካሚዋ ፈቃድ ነው፤ ማንነታቸውን የሚያሳውቀውን ሁሉ አውጥቼዋለሁ።

ፌስታሉ ውስጥ የነበረው ወረቀት

የምሠራው ኮልፌ ቀራንዮ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት እናት ከሴት ልጃቸው ጋር መጡ። የጡት ካንሰር ታመው፣ ቀዶ ሕክምናው አልቆ፣ ኪሞ ላይ ናቸው። አራት ዙር እንዲወስዱ ከታዘዘላቸው «ቀዩ መድኃኒት» ሦስቱን ጨርሰዋል። ያመጣቸው ድካም ነው።

«ከታክሲ ወርጄ እስከ ቤቴ ያለችውን ዳገት አሁን ሁለት ጊዜ አርፌ ነው የምወጣት። ድሮ እኮ ጀሪካን ተሸክሜ ነበር የምወጣት» አሉኝ።

ኪሞ የሚወስድ ሰው ደከመኝ ማለቱ አዲስ ነገር አይደለም። ደም ማነሱም ያደክማል፣ ምግብ አለመብላቱም፣ እንቅልፍ ማጣቱም፣ ጭንቀቱም። የደም ምርመራ አዘዝኩ፤ ቀላል የደም ማነስ አለ። ግፊታቸውን ለካሁ፤ 150 በ95። ከዚያ ኢኮ ሠራሁ። ልባቸው ደም የመግፋት አቅሙ 58 በመቶ ሆነ። በመጽሐፉ ኖርማል የሚባል ቁጥር ነው።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ «እናቴ፣ ልብዎ ደህና ነው፣ ድካሙ የኪሞው ነው» ብዬ ልሸኛቸው ነበር። ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ያስቆመኝ የልጃቸው ጥያቄ ነው።

«ዶክተር፣ ኪሞ ሳትጀምርም ኢኮ ተሠርታ ነበር። ያኔም ደህና ነው ተብለን ነው የተመለስነው። የአሁኑ ከያኔው ጋር አንድ ነው?»

«ወረቀቱ የታለ?» አልኳት።

«ቤት ነው፣ ፌስታል ውስጥ።»

ቤታቸው ቤቴል ነው። ልጅቷ ታክሲ ይዛ ሄዳ ፌስታሉን እንዳለ ይዛው መጣች። እስክትመለስ ድረስ እኔ ኢኮውን እንደገና ከፈትኩና «ስትሬይን» የሚባለውን ልኬታ ጨመርኩ። ወረቀቱ ሲመጣ ጎን ለጎን አደረግናቸው። ከኪሞ በፊት ስትሬይናቸው ማይነስ 21 ነበር፤ አሁን ማይነስ 16። የመግፋት አቅሙ ግን ከ62 ወደ 58 ብቻ ነው የወረደው። አንዱ ቁጥር «ምንም የለም» ይላል፤ ሌላኛው «አንድ ነገር ተጀምሯል» ይላል።

የትኛውን እንመን? ይህን ለመመለስ ቁጥሮቹ ምን እንደሚለኩ ማወቅ አለብን።

መጀመሪያ ነገር፣ ኢኮ ራሱ ከየት መጣ?

በስዊድን ሉንድ ከተማ ኢንገ ኤድለር የሚባል የልብ ሐኪምና ሄልሙት ኸርትዝ የሚባል የፊዚክስ ባለሙያ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1953 የብረት ስንጥቅ የሚፈልግ የድምፅ ሞገድ መሣሪያ ወስደው ልብ ላይ ሞከሩት። እንዲህ ያለው መሣሪያ በዚያን ጊዜ መርከብ በሚሠራበት ቦታ ብየዳ ለመፈተሽ ነበር የሚያገለግለው። ብረቱን ሳይከፍቱ ውስጡን የሚያሳይ ከሆነ ደረትን ሳይከፍቱ ልብን ለምን አያሳይም? አሳየ። ጨረር የለው፣ መርፌ የለው፣ ሕመም የለው። ዛሬም ደረታችሁ ላይ ቀዝቃዛ ጄል ቀብተን የምናደርገው ያንኑ ነው።

በእኛ አገር ኢኮ ሲነሳ ብዙ ሰው ትዝ የሚለው የሕፃናት የልብ ሕመም ነው። ያለምክንያት አይደለም። በጉሮሮ ሕመም ጀምሮ የልብ በርን የሚያበላሸው የሩማቲክ የልብ በሽታ ብዙ ልጆቻችንን አሳጥቶናል። ዶ/ር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 ሥራውን የጀመሩት የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ፣ በኋላም እ.ኤ.አ. በ2009 በጥቁር አንበሳ ግቢ ሥራ የጀመረው የልብ ማዕከል የተወለዱት ከዚህ ችግር ነው። በነዚህ ልጆች ላይ ዋናው ጥያቄ «በሩ ይከፈታል ወይ? ይዘጋል ወይ?» የሚል ነው። አሁን የማወራችሁ ሌላ ጥያቄ ነው፤ ስለ በሩ ሳይሆን ስለ ግድግዳው፣ ማለትም ስለ ልብ ጡንቻ።

የታወቀው ቁጥር፦ ኢኤፍ

ወረቀታችሁ ላይ «ኢ» እና «ኤፍ» በሚሉ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት ተጽፎ ከጎኑ በመቶኛ የምታዩት ቁጥር አለ። ነገሩ ቀላል ነው። ግራኛው የታችኛው የልብ ክፍል 100 ሚሊ ሊትር ደም ሞልቶ 60ውን ከገፋ፣ ኢኤፍ 60 በመቶ ነው ይባላል። በተለመደው የኢኮ መለኪያ ለወንድ ከ52 እስከ 72፣ ለሴት ከ54 እስከ 74 ኖርማል ነው። «100 መሆን አልነበረበትም ወይ?» ብላችሁ የምትጨነቁ አላችሁ፤ ማንም 100 የለውም።

ኢኤፍ ጥሩ ቁጥር ነው፤ የልብ ድካምን የምናክመው በእሱ እየተመራን ነው። ግን ሁለት ድክመት አለው። አንደኛ፣ ያንኑ ሰው ዛሬ እኔ፣ ነገ ሌላ ባለሙያ ብንለካው እስከ 10 ነጥብ ልንለያይ እንችላለን። ስለዚህ ከ62 ወደ 58 መውረድ ምንም ላይሆን ይችላል። ሁለተኛውና ዋናው ግን ኢኤፍ ዘግይቶ የሚናገር መሆኑ ነው።

አጠና ተራን የምታውቁ ትረዱኛላችሁ። አጠናው ከውጭ ሲታይ ቀጥ ያለ ነው፣ ቤቱንም ተሸክሟል። ውስጡን ግን ምስጥ ጀምሮት ሊሆን ይችላል። ቤቱ እስኪያዘነብል ከጠበቃችሁ ዘግይታችኋል። ኢኤፍ የቤቱን ማዘንበል ነው የሚነግራችሁ። ስትሬይን አጠናውን አንኳኩቶ እንደመስማት ነው።

ስትሬይን ምንድነው?

ልብ ሲመታ ዝም ብሎ እንደ ጡጫ አይጨበጥም። ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ያደርጋል፦ ከላይ ወደ ታች ያጥራል፣ ዙሪያውን ይጠባል፣ እንደሚጨመቅ ጋቢም ይጠማዘዛል። ለየአንዳንዱ ሥራ የጡንቻው ክሮች የተዘረጉበት አቅጣጫ የተለያየ ነው።

ስትሬይን የጡንቻውን ማጠር ይለካል። 10 ሴንቲ ሜትር የነበረ ጡንቻ ሲኮማተር 8 ከሆነ በ20 በመቶ አጠረ ማለት ነው። ማጠር ስለሆነ ፊቱ ላይ የመቀነስ ምልክት ይደረግና «ማይነስ 20» ተብሎ ይጻፋል። ስለዚህ ማይነሱን አይታችሁ አትደንግጡ! እዚህ ላይ ማይነስ 21 ከማይነስ 16 የተሻለ ነው። ጤነኛ ሰው ላይ በአብዛኛው ማይነስ 20 አካባቢ ይሆናል።

ማሽኑ ይህን እንዴት ያውቃል? በኢኮ ምስል ላይ የልብ ጡንቻ ወጥ ግራጫ አይደለም፤ ነጠብጣብ አለው። የእያንዳንዱ የጡንቻ ቁራጭ የነጠብጣብ አቀማመጥ እንደ ጣት አሻራ የራሱ ነው። ሶፍትዌሩ እነዚያን ነጠብጣቦች ከአንዱ ምስል ወደ ቀጣዩ፣ በሰከንድ ከ50 በላይ ምስሎች ውስጥ እየተከተለ «ይቺ ከዚያችኛዋ ጋር ምን ያህል ተቀራረበች?» ብሎ ያሰላል። መርካቶ ግርግር ውስጥ እናቱን በነጠላዋ ጥለት ለይቶ የሚከተል ልጅ አስቡ፤ እንደዚያ ነው። ከዚያ ልብን ከሦስት አቅጣጫ አይቶ አብዛኛውን ጊዜ 17 ወይም 18 ቁራጭ ያለው፣ እንደ ዒላማ ክብ የሆነ ባለቀለም ካርታ ያወጣል። የቁራጮቹ አማካይ ነው «ጂ ኤል ኤስ» በሚሉ ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት የሚጻፈው።

ለምን ቀድሞ ያያል? ወደ ታች የሚያጥሩት ክሮች በብዛት የሚገኙት በጡንቻው ውስጠኛ ሽፋን ላይ ነው። ይህ ሽፋን በግፊትም፣ በደም እጥረትም፣ በመድኃኒትም ቶሎ ይጎዳል። እሱ ሲደክም መሐል ያሉት፣ ዙሪያውን የሚያጠቡት ክሮች ሥራውን ይሸፍኑለታል። አጠቃላይ የሚገፋው ደም አይቀንስም፤ ኢኤፍ ኖርማል ይሆናል። የሚሸፍኑትም ሲደክሙ ግን ኢኤፍ ይወርዳል።

ቀዩ መድኃኒት

ታካሚዎች «ቀዩ» የሚሉት ዶክሶሩቢሲን ነው፤ አድሪያማይሲንም ይባላል፣ ስሙን ያገኘው ከአድሪያቲክ ባሕር ነው። ጣሊያኖች አፈር ውስጥ ከሚኖር ባክቴሪያ አግኝተው ያሻሻሉት፣ ብዙ ሰው ያዳነ መድኃኒት ነው። የጡት ካንሰር በአገራችን ሴቶች ላይ ከሁሉም ካንሰር በብዛት የሚታየው ስለሆነ፣ ቀዩን የሚወስዱ እናቶችና እህቶች ብዙ ናቸው።

ጉዳቱ በድምር መጠኑ ይወሰናል። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ የታወቀ ጥናት እንዳሳየው፣ ድምሩ በሰውነት ስፋት በካሬ ሜትር 400 ሚሊ ግራም ሲደርስ ከ100 ሰው 5 ያህሉ የልብ ድካም ያዛቸው፤ 550 ሲደርስ 26 ያህሉ። ለጡት ካንሰር የተለመደው አራት ዙር፣ በየዙሩ 60 ቢሆን፣ ድምሩ 240 ነው። እንግዲህ አትፍሩ፤ አብዛኛው ሰው ልቡ ሳይነካ ይጨርሰዋል። ነገር ግን ግፊት ወይም ስኳር ያለበት፣ ዕድሜው የገፋ፣ ቀድሞ የልብ ሕመም የነበረበት፣ በግራ ደረቱ በኩል ጨረር የወሰደ፣ ወይም ከቀዩ ቀጥሎ ትራስቱዙማብ የሚሰጠው ሰው አደጋው ይጨምርበታል።

መፍጠን ለምን አስፈለገ? በሚላን የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት ልባቸው በእነዚህ መድኃኒቶች የተዳከመባቸውን 201 ሰዎች ተከታትሎ ነበር። ኪሞው ካለቀ በሁለት ወር ውስጥ የልብ መድኃኒት ከጀመሩት 64 በመቶው የልባቸው አቅም ሙሉ በሙሉ ተመለሰ። ከስድስት ወር በኋላ ከጀመሩት ግን ሙሉ በሙሉ የተመለሰለት አልነበረም። ልዩነቱ ጊዜ ነው።

ስለዚህ የልብና የካንሰር ሐኪሞች የሚመሩበት ደንብ የስትሬይን ቁጥር ከመነሻው ከ15 በመቶ በላይ ከወረደ ልብ ብላችሁ ተከታተሉ ይላል። የእኚህ እናት ቁጥር ከ21 ወደ 16 ነው፤ ወደ 24 በመቶ ወርዷል። አያችሁ፣ «ማይነስ 16» ብቻውን ብዙ አይናገርም ነበር። ትርጉም የሰጠው ፌስታሉ ውስጥ የነበረው «ማይነስ 21» ነው።

ገደቡንም ልንገራችሁ

ስትሬይን አስማት አይደለም። ምስሉ ጥራት ከሌለው፣ የልብ ምቱ የተዘበራረቀ ከሆነ፣ ቁጥሩ አይታመንም። በሁለት ኩባንያ ማሽኖች የተለካ ቁጥር በትንሹ ሊለያይ ይችላል። ግፊታችሁ በዚያን ሰዓት ከፍ ካለ ቁጥሩ ይወርዳል። ለዚህ ነው ግፊቱ ወረቀቱ ላይ አብሮ መጻፍ ያለበት። የእኚህን እናት ውጤት ሳይ እኔም ይህ 150 በ95 ራሱ የራሱ ድርሻ እንዳለው አስቤያለሁ።

ጥናቱም አልተዘጋም። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ሳኮር የተባለ ጥናት በስትሬይን የሚመሩ ታካሚዎችን በኢኤፍ ከሚመሩት ጋር አወዳድሮ ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ የልብ ጉዳት ደረጃ ላይ የደረሱት በስትሬይን ከተመሩት 5.8 በመቶ፣ በኢኤፍ ከተመሩት 13.7 በመቶ ናቸው። ዋናው የጥናቱ ጥያቄ የነበረው የኢኤፍ ለውጥ አማካይ ግን በሁለቱ መካከል ጉልህ ልዩነት አላሳየም። ስለዚህ «ስትሬይን ያልተሠራ ሰው አልታከመም» የሚላችሁ ሰው እያጋነነ ነው።

ማን ያስፈልገዋል? በዋነኛነት ልብ የሚነካ የካንሰር መድኃኒት የሚወስድ ሰው። ለረጅም ጊዜ ግፊት ያለበት ሰው፣ የልቡ ግድግዳ ያለምክንያት የወፈረበት ሰው፣ ኢኤፉ ኖርማል ሆኖ የልብ ድካም ምልክት ያለው ሰው ላይም ይጠቅመናል። ማን አያስፈልገውም? ምንም ሕመም የሌለው ወጣት «ቼክ ልደረግ» ብሎ ገንዘቡን አያውጣበት። አሁን ደረቱን እየወጋው ያለ ሰው ደግሞ ስትሬይን ፍለጋ አይዙር፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ሄዶ ኢሲጂ ይነሳ።

በተግባር ምን ላድርግ?

1. ኪሞ ከመጀመሩ በፊት ኢኮ ይሠራ። ስትሬይን አብሮ ይሠራ እንደሆነ ጠይቁ፤ ሶፍትዌሩ በሁሉም ማሽን ላይ የለም። ከሌለ ግን በተራው ኢኮ ጀምሩ። ስትሬይን ፍለጋ ኪሞ አይዘግይ! ካንሰሩ አይጠብቅም።

2. ክትትሉ በተቻለ መጠን አንድ ቦታ፣ በአንድ ዓይነት ማሽን ይሁን። ትራስቱዙማብ የሚወስድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በየሦስት ወሩ ነው የሚታየው። የቀዩን ቀጠሮ ሐኪማችሁ ይወስናል።

3. ወረቀቱን በስልካችሁ ፎቶ አንሱና ለቤተሰብ ላኩት። ስልክ ይጠፋል፣ ፌስታልም ይጠፋል፤ ሁለቱም አብረው የመጥፋት ዕድላቸው ግን ትንሽ ነው። ምስሉን በፍላሽ ከሰጧችሁ ተቀበሉ።

4. ግፊታችሁን ተቆጣጠሩ። ከማንኛውም ዘመናዊ ማሽን በላይ ልባችሁን የሚጠብቀው ይኼ ነው። ጨው ቀንሱ፣ የታዘዘላችሁን ኪኒን በራሳችሁ አታቋርጡ።

5. እነዚህ ከመጡ ቀጠሮ አትጠብቁ፦ ተኝታችሁ ትንፋሽ ካጠራችሁና ትራስ መደራረብ ከጀመራችሁ፣ ሌሊት አፍኗችሁ ከነቃችሁ፣ እግራችሁ ካበጠ፣ ክብደታችሁ በጥቂት ቀናት ውስጥ በፍጥነት ከጨመረ፣ ልባችሁ ያለሥራ ከደለቀ።

6. ይኼኛውን በደማቁ አስምሩበት፦ ይህን አንብባችሁ ኪሞ እንዳታቆሙ። የስትሬይን ቁጥር መውረድ ብቻውን ኪሞ አያስቆምም። ውሳኔው የካንሰር ሐኪሙና የልብ ሐኪሙ ተነጋግረው የሚወስኑት ነው። ፈርቶ ሕክምናውን ያቋረጠ ሰው ላይ ካንሰሩ የሚያደርሰው ጉዳት ቀዩ ልብ ላይ ከሚያደርሰው የባሰ ሊሆን ይችላል።

እኚያ እናትስ?

በዚያው ቀን ሁለቱን ወረቀቶች አያይዤ ለካንሰር ሐኪማቸው ደብዳቤ ጻፍኩ። በስልክም ተነጋገርን። ለግፊቱም ለልቡም የሚሆን ኢናላፕሪልና ካርቬዲሎል በትንሽ መጠን ጀመርንላቸው። ለደም ማነሱም ሕክምና ተሰጣቸው። አራተኛውን ዙር በቅርብ ክትትል ወሰዱና ጨረሱ።

ከሦስት ወር በኋላ በዚያው ማሽን ለካኋቸው። ማይነስ 19። ግፊታቸው 125 በ80። የቱ ነው የጠቀማቸው? የልብ መድኃኒቱ ነው? የግፊቱ መውረድ ነው? የደማቸው መስተካከል ነው? ወይስ ኪሞው ማለቁ? ከአንድ ሰው ታሪክ ተነስቼ ይህን ለይቼ መናገር አልችልም። የማውቀው ያን ቀን «ደህና ነው» ብዬ ሸኝቻቸው ቢሆን ግፊታቸው ሳይታከም፣ ልባቸውም ክትትል ሳያገኝ አራተኛውን ዙር ይወስዱ እንደነበር ነው።

«ዳገቷስ?» አልኳቸው።

«አንዴ ብቻ ነው የማርፈው፣ እሱም ጎረቤት ሰላም ለማለት ነው» አሉኝ።

ልጃቸው አሁን ወረቀቶቹን በቀን ቅደም ተከተል አስቀምጣ በክላሰር ነው ይዛ የምትመጣው። እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ ኢኮ ክፍል ለሚገባ ሰው ጄሉን ከመቀባቴ በፊት የምጠይቀው ጥያቄ ተቀይሯል። «የድሮው ወረቀት አለ?» ነው የምለው።

እናንተም ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ ፌስታሉን ፈልጉት።

ይህ ጽሑፍ ለግንዛቤ ነው፤ የሐኪማችሁን ምርመራና ውሳኔ አይተካም። ኪሞ የሚወስድ ዘመድ ወይም ጎረቤት ላለው ሰው ሼር አድርጉለት። ጥያቄ ካላችሁ ከሥር ጻፉልኝ፤ ውጤታችሁን ግን ስማችሁ እየታየ አደባባይ ላይ አትለጥፉ፣ በውስጥ መስመር ላኩልኝ።